ከሦስት እርምጃ የሳተው

አንድ ከተማ ውስጥ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች ነበሩ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ የገና ጨዋታ ይገጥማሉ። አምስት ጊዜ ይጫወታሉ፤ የዓመቱ አሸናፊ የሚለየው ግን በገና ዕለት በሚደረገው በአምስተኛው ጨዋታ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር በቆልማማ ዱላ እየመቱ በተጋጣሚ በኩል በቆሙት ሁለት ድንጋዮች መካከል ማሳለፍ ነው።

ተጫዋች የሚመረጠው ከመስቀል በኋላ ነው። ለጨዋታ የደረሱ ወጣቶች ሜዳው ላይ ይሰለፋሉ፤ ሁለቱ የቡድን አለቆች በየተራ አንድ አንድ እያሉ ይወስዳሉ። ወጣቱ የትም ሰፈር ቢወለድ እሱን ለመረጠው ቡድን ይጫወታል። መጀመሪያ የሚመርጠው ባለፈው ገና የተሸነፈው ሰፈር ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ደካማው እንዲጠናከርና አንዱ ሰፈር ሁልጊዜ አሸናፊ እንዳይሆን አስበው ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

ሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። ዱላውን ሰቅሎ ጨዋታ ካቆመ አምስት ዓመት የሞላው ተጫዋች ስሙ ለሰባት ዳኞች ይቀርባል። አምስቱ ከደገፉት ስሙ ድንጋዩ ላይ ይቀረጻል። ሦስት ጊዜ ቀርቦ አምስት ድምፅ ያላገኘ ሰው ለአራተኛ ጊዜ አይቀርብም። ስሙ የተቀረጸ ሰው በጨዋታ ቀን ከፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በቅጽል ስም አይጠራውም። ሆን ብሎ የተሸነፈ ተጫዋች ግን ምንም ቢሠራ ስሙ ድንጋዩ ላይ አይወጣም። እንዲሸነፍ ስላዘዘው ሰው ደንቡ የሚለው ነገር የለም። ደንቡን የጻፉት የቡድን አለቆች ነበሩ።

ቢሻው የሚባል አናጢ ለታች ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት ተጫወተ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አርባ ስምንት ግብ አገባ። ከነዚህ ውስጥ ዘጠኙ የገና ዕለት የገቡ ናቸው። ቁጥሩ የተገኘው ከመዝገብ ነው። መዝገቡን የሚይዙት አለቃ ጥሩነህ ሜዳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ብቻ ይጽፋሉ፤ አሞግሰውም አዝነውም አያውቁም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ከገና አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ የታች ሰፈር የቡድን አለቃ አቶ ውበቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሻው የእንጨት ሥራ ቤት መጡ። በሩን ዘግተው ጣውላ ላይ ተቀመጡ።

«ሞላልኝን አይተኸዋል?» አሉት።

«የወፍጮ ቤቱን ልጅ? አይቼዋለሁ። እንደሱ የሚመታ ሰው አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ከርሞ መስከረም ይሰለፋል። ነገ ካሸነፍን ላይ ሰፈር ቀድሞ ይወስደዋል። ከዚያ አሥር ዓመት ቁጭ ብለን እናለቅሳለን።»

«እናስ?»

«እናማ ነገ አታግባ።»

ቢሻው ሳቀ። አቶ ውበቱ አልሳቁም።

«ጋሽ ውበቱ፣ ይሄ እኮ በደንቡ…»

«ደንቡን ካንተ በላይ አውቀዋለሁ። ደንቡ የሚይዘው የታወቀበትን ነው። ይሄን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። ሌሎቹ ይሩጡ፣ ይታገሉ፤ ለነሱ የምነግራቸው ነገር የለም። የሚያገባው አንተ ነህ፣ የምትስተውም አንተ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ለጥቂት ቀን ያሙሃል። ከርሞ ሁለት ታገባና ይረሳል። እኔ አለሁልህ።»

ቢሻው እሺም እምቢም አላለም። አቶ ውበቱ ዝም ማለቱን እንደ እሺታ ቆጥረው ወጡ። ተሳስተውም አልነበረም።

በማግስቱ አንድ ለአንድ እያሉ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሩሯ ተንከባልላ ቢሻው እግር ሥር ቆመች። ተከላካዩ አዳልጦት ወድቋል። ከቢሻው እስከ ሁለቱ ድንጋዮች ያለው ርቀት ሦስት እርምጃ ነበር። ቢሻው መታ፤ ሩሯ በግራው ድንጋይ ውጭ በኩል አለፈች። ብዙም ሳይቆይ ላይ ሰፈር አገባና አሸነፈ። አለቃ ጥሩነህ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ቢሻው። ከሦስት እርምጃ። ከፊቱ ሰው የለም። ሳተ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሦስት እርምጃ» ሆነ። ገበያ ሲወጣ አንዷ ሽንኩርት ሻጭ «ሦስት እርምጃ፣ ቀረብ ብለህ ምረጥ፤ ከዚያ ሆነህማ ትስታለህ» አለችው፤ ገበያው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሴት ልጁ ውኃ ስትቀዳ «የሦስት እርምጃ ልጅ» ተባለች። እሷ ግን አልሳቀችም። ቤት ገብታ «አባዬ፣ እውነት ከፊትህ ባዶ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ባዶ ነበር» አላት።

መስከረም ላይ ታች ሰፈር መጀመሪያ መረጠ፤ ሞላልኝንም ወሰደ። ቢሻው ለገና ሊዘጋጅ ሜዳ ሲወርድ በሱ ቦታ ሞላልኝን ቆሞ አገኘው።

«ጋሽ ውበቱ፣ ከርሞ ታገባለህ ብለውኝ ነበር» አለ።

«ቦታው አንድ ነው፤ ምን ላድርግ?» አሉት።

ቢሻው የዚያን ዓመት ዳር ተቀምጦ አሳለፈና ዱላውን ሰቀለ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የመጨረሻ ምቱ ያቺ የሳታት ሆና ቀረች።

ታች ሰፈር ሰባት ገና በተከታታይ አሸነፈ። የአቶ ውበቱ ስሌት ትክክል ነበር፤ በዚህ ማንም ሊከራከር አይችልም። አለቃ እንደ ተጫዋች አምስት ዓመት አይጠብቅምና ስማቸው በቡድን አለቃነታቸው ድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። አለቃነታቸውን ሳይለቁ የዳኞች ሰብሳቢም ሆኑ።

አምስት ዓመቱ ሲሞላ የቢሻው ስም ለዳኞች ቀረበ። አለቃ ጥሩነህ መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። አርባ ስምንቱ ሲነበብ ሰው በዝምታ ሰማ። የመጨረሻው መስመር ሲነበብ አንድ ሰው ከኋላ በአፉ የሩር ድምፅ አሰማ፤ ሰው በሳቅ ፈነዳ። አራት ዳኞች ደገፉ፤ ሦስት ተቃወሙ። ከተቃወሙት አንዱ ሰብሳቢው ነበሩ።

«ቢሻውን እኔም እወደዋለሁ» አሉ አቶ ውበቱ። «መውደድ ግን ሌላ፣ መዝገብ ሌላ። እዚህ ስሜት አይገባም።»

ይህ አነጋገር በራሱ ስህተት የለበትም። መዝገቡም አንድ የተሳሳተ ቃል አልነበረበትም። በሁለተኛው ዓመትም አራት ለሦስት ሆነ። የቀረው አንድ ዕድል ብቻ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቢሻው ለሁለቱም ሰፈር የገና ዱላ እየጠረበ ይኖር ነበር። ሞላልኝም ዱላውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። በየዓመቱ ሲመጣ «ሦስት እርምጃ፣ አደራህን፣ ያንተን ዱላ እንዳይመስል» ይለዋል። ቢሻው ዱላውን አሳምሮ ጠርቦ ይሰጠዋል።

በስምንተኛው ዓመት የገና ዕለት ጠዋት ሞላልኝ ዱላውን ሊወስድ መጣ። እንደ ወትሮው አልቀለደም። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ጋሽ ቢሻው» አለ። እንዲህ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። «ትናንት አቶ ውበቱ ቤቴ መጥተው ነበር። ላይ ሰፈር ውስጥ አንድ የሚያስፈራ ልጅ አለ፤ ከርሞ ይሰለፋል። ዛሬ አታግባ አሉኝ።»

ቢሻው መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

«‹ለጥቂት ቀን ያሙሃል፤ ከርሞ ሁለት ታገባና ይረሳል› አሉኝ» አለ ሞላልኝ። «ከዚያ ደግሞ ‹እኔ አለሁልህ› አሉኝ። አንተንም እንዲህ ነበር ያሉህ?»

«ዱላህ ደርሷል» አለው ቢሻው። «ያዝ። ዛሬ ጭቃ ነው፤ ስትመታ ጎንበስ በል።»

ሞላልኝ መልሱ ገብቶት ከዚያ በላይ አልጠየቀም። የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ አገባ። ታች ሰፈር ስምንተኛውን ገና አሸነፈ። አቶ ውበቱ ከሜዳው ሲወጡ እንኳን ደስ ያለህ አላሉትም።

ጥር ላይ የቢሻው ስም ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበ። አለቃ ጥሩነህ አንብበው እንደጨረሱ ሞላልኝ ከሕዝቡ መሀል ተነሣ።

«አንድ ነገር ልናገር። በዘንድሮው ገና ዋዜማ አቶ ውበቱ እንድስት አዘውኛል። ጋሽ ቢሻውንም ያኔ አዘውታል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አቶ ውበቱ አልተቆጡም።

«ልፈትንህ ብዬ ነው» አሉ። «አለፍክ። አለቃ ተጫዋቹን ካልፈተነ ምኑን አለቃ ሆነ? ቢሻው ግን አፍ አለው፤ ራሱ ይናገር እንጂ አንተ አትናገርለት።» ከዚያም ወደ ቢሻው ዞሩ። «ቢሻው፣ ታዝዘህ ነው የሳትከው ወይስ ስተህ ነው? ደንቡን ታውቀዋለህ።»

ቢሻው ደንቡን ያውቀዋል። ታዝዤ ነው ቢል ሆን ብሎ የተሸነፈ ይባልና ስሙ ለዘላለም ይታገዳል፤ ያዘዙት ሰው በደንቡ የሚጠየቁበት ነገር የለም። ስቼ ነው ቢል ሦስት እርምጃ ሆኖ ይቀራል፤ ምናልባት ግን አምስተኛ ድምፅ ይገኝ ይሆናል። ልጁ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ታየው ነበር።

«መዝገቡ ላይ የተጻፈው ትክክል ነው» አለ። «ሳትኩ።»

«ሰማችሁ» አሉ አቶ ውበቱ።

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለሦስት ሆነ። አቶ ውበቱ የተቃወሙት ቀድመው እጃቸውን አንሥተው ነው፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ሁለት ዳኞች ይህን በኋላ መስክረዋል። ለምን አንድ ድምፅ እንደነፈጉት ማንም አልጠየቃቸውም። መልሱን ግን ማወቅ አይከብድም። ስምንት ዓመት ሙሉ «ያን ቀን የተሸነፍነው በቢሻው ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ቢሻውን ቢደግፉ ምን አዲስ ነገር አገኙ ተብለው ይጠየቁ ነበር።

የሆነውን ለመጨረስ ያህል፣ ላይ ሰፈር መስከረም ላይ ያንን ልጅ መረጠና ስድስት ገና በተከታታይ አሸነፈ። የታች ሰፈር ሰዎች «ሞላልኝ ያን ቀን ምናለ ቢስት ኖሮ» እያሉ ይቆጩ ጀመር። እነዚህ ሰዎች ቢሻውን ሦስት እርምጃ ብለው የሚጠሩት ያው ራሳቸው ናቸው። ሞላልኝ ዱላውን ከሰቀለ በኋላ ስሙ በመጀመሪያው ዙር፣ በሰባት ድምፅ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። በጨዋታ ቀን ግን ከፊት ተቀምጦ አያውቅም። ቦታው ባዶ ይቆያል።

ቢሻው የሞተው ሞላልኝ ሊቀረጽ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በማለዳ እየዞረ «አናጢው ቢሻው አርፏል» ብሎ ለፈፈ። ሰዎች በየበራቸው ወጥተው «ቢሻው ማን?» አሉት። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ እንዲህ ሲሉት ጥሪውን አስተካከለ፤ «ሦስት እርምጃ አርፏል» ብሎ ለፈፈ። ከዚያ በኋላ ማንም ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ልጁ ጥሩምባውን የሰማችው ከግቢዋ ሆና ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው መዝገብ ይዋሻል ብሎ እንዳይደመድም። አለቃ ጥሩነህ አልዋሹም፤ ያለ መዝገብ መፍረድም ከዚህ የከፋ ነው። መዝገቡ ግን እጅ ያደረገውን እንጂ አፍ ያዘዘውን አልያዘም፤ ያልያዘውን የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ ከዳኞቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለነገ የሚሆን ሰው ለማግኘት የዛሬውን ሰው ስም አሳልፈው የሰጡ የቡድን አለቃ፣ ተመልሰው የዚያን ሰው ታላቅነት መዘኑ። ከተማው ሚዛኑን አየ፤ የመዛኙን እጅ ግን አላየም።

እርስዎ ከሰባቱ ዳኞች አንዱ ቢሆኑ ኖሮ፣ መዝገቡ ተነቦ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማንን ነበር? ቢሻውን ነው ወይስ አጠገብዎ የተቀመጡትን ሰው?