ዛሬስ ምን አልተሠራም?

አንድ ከተማ ነበረች፤ ውኃዋ ሩቅ ነው። ሴቶቿ ማለዳ እንስራ አዝለው ይወጡና እኩለ ቀን ላይ ይመለሳሉ። የከተማዋ ሹም ይህን አይቶ ከተራራው ሥር ያለው ምንጭ በቦይ እንዲመጣ አዘዘ። ሥራው ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነበር።

ከተማዋ ጓንጉል የሚባል ለፋፊ ነበራት። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅም የለው። በየገበያው ቀን ጉብታው ላይ ወጥቶ ጥሩምባ ይነፋና ቦዩ የት እንደ ደረሰ ይናገራል። ገበያው ሲበተን ደግሞ ሕዝቡ የሚለውን ሰምቶ ለሹሙ ያደርሳል። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ወሬ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይወስድ ነበር።

የጓንጉል ነገር ግን ያልተሠራውንም መናገሩ ነው። «በዚህ ሳምንት ዐለት ገጥሞን አንድ ክንድ አልሄድንም» ይላል። በሚቀጥለው ገበያም ያንኑ ዐለት ይደግመዋል። ሰው መጀመሪያ ይሰበሰብ ነበር፤ ውሎ አድሮ ሰለቸው። ጥሩምባው ሲነፋ በርበሬ የሚሰፍሩት ቀና እንኳ ሳይሉ «ጓንጉል፣ ዛሬስ ምን አልተሠራም?» እያሉ ይስቁበት ጀመር። በመጨረሻ ከጉብታው ሥር የቀረችው ይታክቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ብቻ ሆነች። እሷም ቦታዋ እዚያ ሆኖ እንጂ፣ ጀርባዋን ሰጥታው እንስራዎቿን ነበር የምትደረድረው።

የሰው ሳቅ ሹሙ ጆሮ ደረሰ። ጓንጉልን አስጠርቶ ያላለቀ ሥራ ማውራት ራስን ማስገመት እንደሆነ ነገረው። ሲያልቅ ሹሙ ራሱ ይናገራል፤ እስከዚያ ጥሩምባው ይቀመጥ። ጓንጉል አንድ ገበያ ብቻ እንዲፈቀድለት ለመነ፤ ተፈቀደለት።

በዚያች የመጨረሻ ገበያ እንዲህ አለ፦ «ቦዩ በታችኛው ሰፈር በሮች ፊት ያልፋል። ውኃው እስኪለቀቅ ሦስት ወር ክፍት ሆኖ ይቆያል። እንጨት አጋድሙበት እንጂ አትድፈኑት።»

ከይታክቱ ጀርባ በቀር ፊቱ ማንም አልነበረም። ጥሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን ሲደርስ እግሩ በልማድ እስከ በር ያወጣዋል። የገበያውን ጫጫታ ከሩቅ ሰምቶ ይመለሳል። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለዋል፤ የሚጠይቀው ግን የለም፣ እሱም የሚነግረው የለውም።

ቦዩ ታችኛው ሰፈር ደረሰ። ቆፋሪዎቹ ቆፍረው ሲጨርሱ ምንጩን ሊገድቡ ወደ ተራራው ተመለሱ። የአንዱ ሰው ጥጃ ቦዩ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ባለቤቷ ለማን ይንገር? ወሬ ወደ ላይ የሚወስድ የለም። ሥራው የተተወ መሰለውና የበሩን ፊት በአፈር ሞላው። ጎረቤቱም አይቶ ሞላ። ሹሙ የቆፋሪዎቹን አለቃ በጠየቀው ቁጥር መልሱ «ጥሩ እየሄደ ነው» ነበር። አለቃው አልዋሸም፤ ምንጩ ጋ ቆሞ ለሚያይ ጥሩ እየሄደ ነበር።

ውኃው የሚለቀቅበት ቀን ሹሙ ነጭ ለብሶ አደባባይ ቆመ። ሕዝቡም እንስራውን ይዞ ወጣ። ውኃው አልመጣም። ውኃ ደግሞ እንደ ሰው ተለማምጦ አያልፍም፤ መንገዱ ሲዘጋ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ሲፈልጉት የሰው ጎተራ ሥር ተኝቶ አገኙት። ማን ደፈነው ሲባል እያንዳንዱ «እኔ የበሬን ፊት ብቻ ነው» አለ።

ሹሙ እዚያው ቀን ጓንጉል ቤት ሄደ። ቦዩ እንደገና እንደሚቆፈር ለሕዝቡ እንዲነግርለት ለመነው።

«ማን ሊሰማኝ ጌታዬ?» አለ ጓንጉል። «የመጨረሻውን ቀን እኮ ለድንጋይ ነው የተናገርኩት። በቃኝ።»

ሹሙ የደረሰውን ጉዳት እንዲያይለት ይዞት ወጣ። በር በሩን ሄዱ፤ ሁሉም ጋ አፈር ነው። በሰፈሩ ጫፍ ግን አንድ በር ፊት ቦዩ ክፍት ነበር። ሳንቃ ተጋድሞበታል፤ ጠርዙም እንዳይናድ በገል ተደግፏል። ይታክቱ ደጁ ላይ ተቀምጣ ጭቃ ታቦካለች።

ጓንጉል ቀጥ ብሎ ቆመ። «ትሰሚኝ ነበር?»

«እንዴታ ጋሼ። ውኃ ደጅ ከመጣ እንስራዬን ማን ይገዛኛል? መቼ ወደ ማሰሮ ልዙር የምለው ባንተ ወሬ ነበር። ዐለቱ ያስቸገራችሁ ጊዜ እንዴት ያለ ገበያ ነበረኝ መሰለህ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና «ዝም ስትል ግን ጨለመብኝ» አለችው።

በሚቀጥለው ገበያ ጓንጉል ጥሩምባውን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። ሹሙ ከሥር ቆሟል። በርበሬ ከሚሰፍሩት አንዱ ቀና ብሎ «ጓንጉል፣ ዛሬስ ምን አልተሠራም?» አለ። ማንም አልሳቀም። ጓንጉልም ያልተሠራውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ይታክቱ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታ እንስራ ትደረድር ነበር።

ወዳጆቼ፣ ያላለቀ ሥራ መናገር የሚያሳፍር ይመስለናል። ነገር ግን ሰው ያልነገሩትን ሥራ የኔ ብሎ አይጠብቅም፤ የበሩን ፊት ደፍኖ ይገባል። የታች ወሬ የማይደርሰው ሹምም ነጭ ለብሶ የማይመጣ ውኃ ይጠብቃል። የምትናገሩ ሰዎች ደግሞ፣ ጀርባ ስላያችሁ ብቻ አልተሰማንም አትበሉ። ጆሮ ያለው ፊት ላይ ብቻ አይደለም።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ማንንም ሳንጠይቅ፣ ማንም ሳይነግረን፣ በራችን ፊት የደፈንነው ምን ይሆን?