የጓንጉል ባለአራት እግር እንግዳ

ማንጠግቦሽ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ ደጅ ብትወጣ፣ እግሩን ልታጥበው የጠበቀችው እንግዳ አራት እግር አለው። ስለ ኮርማ የሚባል አንድ ተረት አለ፤ ሰው ሁሉ ይለዋል፣ ብሎም ይስቃል፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከዚህ ገበቴ አጠገብ ነው።

ባሏ ጓንጉል ከወንዝ ማዶ ሰው ልኮባት ነበር። «የተከበረ እንግዳ ይዤ እየመጣሁ ነውና ቤቱ ይሰናዳ፤ ጎረቤትም ይጠራ» የሚል መልእክት ነው የላከው። እሷም ዶሮ አሳርዳ ሠራች፣ መደቡ ላይ አዲሱን አጎዛ አነጠፈች። ጎረቤቱ ነጭ ነጩን ለብሶ ተሰበሰበ። አንዱ ዳኛ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ መምህር ነው የሚመጣው አለ። ጓንጉል በመጨረሻ ብቅ ሲል ግን በእጁ ያለው ገመድ ነው፤ በገመዱ ጫፍ ያለው ደግሞ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ ሻኛው በአንድ ጎን የዘመመ ኮርማ ነው።

«እንግዳው የታለ?» አለችው።

«ይኸው።»

«ይሄማ ከብት ነው።»

«ስም አለው፤ መኩሪያ ይባላል። በስሙ ጥሪው እንጂ።»

ማንጠግቦሽ ኮርማውን አየች፣ ገበቴውን አየች። ከዚያ ውኃውን ከመኩሪያ ፊት አስቀመጠችለት። እሱም አንድ ጊዜ አሽትቶ እስከ አተላው ጨለጠው። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዶሮውም ለመኩሪያ ክብር እየተባለ ተበላ።

የነገሩ ሥር ወዲህ ነው። የዚያ መንደር ሰው የሚኖረው በከብት ቢሆንም ወተት አይሸጥም። ወተቱ የጥጃው ነው፤ ጥጃው ጠብቶ ይደልባል፣ ሰንጋ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ላሞቹን ሁሉ የሚያስረግዘው አንድ የጋራ ኮርማ ነበር። ያም ኮርማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዓይን አይሞላም። ቀንድ የሌለው ጎዳ ነው፣ መልኩ የአመድ፣ ሻኛው የቡጢ ያህል። ከሩቅ ያየው ሰው ፍየል ነው ብሎ ይከራከራል። ጓንጉል ገበያ በሄደ ቁጥር የማዶዎቹ ሰዎች «ኮርማችሁ ቀንዱን ለማን አዋሰው?» እያሉ ይነኩታል። ጓንጉል ደግሞ ስድብ ከጎኑ ካለፈ እንኳ ተመልሶ የሚያነሳ ሰው ነበር።

«ጎዳውን ስጡኝና ሰው የሚያፍርበት ሳይሆን ሰው የሚኮራበት ለውጬ ላምጣ» አለ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ።

ጎዳውን ለመንደሩ የሰጡት እትዬ ደጊቱ ነበሩ፤ ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ላም አዋቂ። «የኔ ላም ልጅ ነው» አሉት። «እናቱን ታውቃታለህ። ግቷ ከሆዷ የተሰፋ፣ ጡቷ የጣት ያህል፣ ጥጃ ዓይኑን ሳይገልጥ የሚያገኘው ነው።»

«እትዬ ደጊቱ፣ እኔን የሚሰድቡኝ እሱን እያዩ ነው እንጂ እናቱን እያዩ አይደለም።»

ሰዉም ሰልችቶት ኖሯል፣ ይሁን አለ፤ የእንግዳው መልእክት ሲመጣም ከኮርማው ሌላ ሰው ጭምር ይዞ የሚመጣ መሰለው።

ጎዳውን እየነዳ ማዶ አያ ሽባባው የሚባሉ ባለከብት ቤት ደረሰና መኩሪያን ባየ ጊዜ ጓንጉል ምራቁን ዋጠ። ልዋጩን ሲያነሳላቸው አያ ሽባባው አልተቻኮሉም። «ቁጭ በል፣ ጠላ ቅመስ» አሉት። «ከብቶቹ ማምሻውን ይገባሉ። እናቱንም ታያታለህ።»

ጓንጉል ግን ሰውዬው እስኪመሽ ሐሳባቸውን የሚለውጡ መሰለው። ዋንጫውን በግማሽ አስቀመጠ። «አያ ሽባባው፣ እኔ ኮርማ ልወስድ ነው እንጂ ላልብ አልመጣሁም። ኮርማ ጡት አለው?»

አያ ሽባባው ትንሽ አሰቡ። «የለውም።»

«እንግዲያውስ ምን ያስቀምጠኛል?»

«ልክ ነህ። የዚህ የጎዳው እናትስ እንዴት ናት?»

ጓንጉልም ለአመል ያህል፣ «እሷማ ጡቷ ባገሩ የታወቀ ነው» አላቸው። ይሄኔ አያ ሽባባው ብድግ ብለው የመኩሪያን ገመድ በገዛ እጃቸው ፈቱለት። ሳይቸኩሉ የቆዩት ሰውዬ እንዲህ ሲፈጥኑ፣ ጓንጉል የጠረጠረው ነገር የለም።

አራት ዓመት ሙሉ ጓንጉል መሬት አልረገጠም። የመኩሪያ ወይፈኖች እንደ አባታቸው ባለ ሻኛ፣ ባለ ቀንድ ሆኑ። የማዶዎቹ ሰዎች ስድባቸውን አቆሙ። ሰርግ ቤት ገብቶ ቦታ ሲጠበው «ለአባ መኩሪያ ጠጋ በሉ» ይባልለት ነበር።

በአምስተኛው ዓመት የመኩሪያ ሴት ልጆች መውለድ ጀመሩ።

መጀመሪያ የወለደችው የማንጠግቦሽ ሻሼ ናት። ሻሼ እንዲሁ ጊደር አይደለችም። ማንጠግቦሽ ስትዳር አባቷ የሰጧት ላም አሁን አርጅታለች፤ የዚያች ላም ዘር የሚቀጥለው በሻሼ ነው። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ባልና ሚስቱ በረት ውስጥ ቆመው ጥጃው እስኪነሳ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ጥጃው ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ አፉን አሹሎ ወደ እናቱ ሄደ። ጡት ይገኝበታል በተባለው ቦታ ሁሉ ፈለገ፤ የለም። የሻሼ ግት ወርዶ ወርዶ ከቋንጃዋ ደርሷል፣ ጡቷም የቅል አንገት አክሏል። ጥጃው ላይ ላዩን ሲፈልግ ቆየና ተስፋ ቆርጦ ያገኘውን ጎረሰ።

«ምኗን ነው የሚጠባው?» አለች ማንጠግቦሽ።

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ አየ። «ጉልበቷን።»

ምን ይደረግ፣ ተንበረከከና ጡቱን አልቦ አልቦ ሲቀጥንለት ለጥጃው አጎረሰው። ማታም እንዲሁ፣ በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ የጎረቤት ጊደር ወለደች። ጎረቤቱም በር ላይ ቆሞ፣ «ጓንጉል፣ እንግዳህ የልጅ ልጅ አየ። ና አጥባ» አለው። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። እንኳን እምቢ ሊል፣ ምን አፍ አለው? ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ከበረት በረት እየዞረ፣ ከላም ሥር እየተንበረከከ ጥጃ ያጠባል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አለቀ። «አባ መኩሪያ» መባሉ ቀርቶ «ሞግዚቱ» ተባለ። በዚህ ሁሉ መሐል ሁለት ጥጆች እሱ ሳይደርስላቸው ሞቱ፤ ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ጓንጉል ተናዶ ወንዙን ተሻገረና አያ ሽባባው ደጅ ቁጭ አለ። ጠላውን ሰጡት፤ ጨረሰ። ከብቶቹ ገቡ። የጎዳው ሴት ልጆች ከነጥጆቻቸው አለፉ፤ ጥጆቹ ከበሮ ይመስላሉ። ጓንጉል የለወጠውን ነገር ያኔ ገና አየው። ሁሉም ገብተው ካለቁ በኋላ አንዲት አሮጊት ላም ብቻዋን ብቅ አለች። በየእርምጃዋ ግቷን በእግሯ እየመታች፣ ጋን እንደታቀፈ ሰው እግሯን ፈርከክ አድርጋ ትመጣለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«የመኩሪያ እናት።»

«ምነው አያ ሽባባው፣ ምናለ ቢነግሩኝ?»

«ቆይ አልኩህ እኮ፣ ልጄ። እሷ እንደምታየው መምጫዋ ይዘገያል።»

ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበና ፍርዱን ቆረጠ። የመኩሪያ ሴት ልጆች አንድም ሳትቀር ደልባ ትሸጥ፣ ከእነሱ ዘር አይያዝ ተባለ። ጓንጉል ዞር ብሎ ሚስቱን አየ።

«ሻሼም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሻሼም» አለች ማንጠግቦሽ። «አባቴ የሰጡኝ አሮጊቷ ላም አንድ ወሊድ ይቀራታል። እኔ ራሴ ወንዙን አሻግሬ ለጎዳው እወስዳታለሁ። አንተን አልክም።»

መኩሪያ ደግሞ ለመስቀል ይታረድ ተባለ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ አልቻለም፤ ከመቀመጫው ተነሳ። መኩሪያ ካለፈው ክብሩ የቀረለት አንድ ነገር ነው።

«ጊደሮቹስ እሺ» አለ። «ግታቸው ተንጠልጥሏል፣ ይሂዱ። የእሱ ጥፋት ግን ምንድን ነው? ቀንዱን እዩት፣ ሻኛውን እዩት። እናንተ ፍረዱኝ እስቲ፣ ኮርማ ጡት አለው?»

መኩሪያም ዋርካው ላይ እንደታሰረ ያመሰኳል። እትዬ ደጊቱ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ጓንጉል ሱሪ፣ ወደ ተቀደደው ጉልበቱ እያዩ፣ «ኮርማ ጡት ባይኖረው፣ የናቱን ላገር አደለው» አሉት።