የኑርሁሴን ርካሽ ጎማና የሐጂ ቡሽራ እጅ

ቢስሚላህ። አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች፤ ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠች፣ መስጊዷ ከገበያዋ የቀደመ፣ ገበያዋ ደግሞ ከመንገዷ የቀደመ። ስሟን አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ጎማ ሻጮቿ ተሰልፈው ደጄ ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰው የማቀርበው ወንበር የለኝም።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። እኔ ወሬ ሳወራ ትንሽ እጨምራለሁ። ወጥ ያለ ጨው፣ ወሬም ያለ ጭማሪ አይጥምም። በጨመርኩበት ቦታ ግን ወላሂ አልልም። ወላሂ ካልኩ እውነት ነው፤ ካላልኩ እናንተው መዝኑት።

በዚያች ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። አባታቸው በግመል ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። ዘመኑ ሲቀየር ሐጂ ግመሎቹን ሸጠው አንድ አይሱዙ ገዙ። መኪናዋ እህልም ሰውም እየጫነች ያንን ገደላ ገደል ቁልቁለት ስትወርድ ስትወጣ ትኖራለች። የአባታቸውን ልማድ ግን አልተዉም። አባትየው ግመሎቻቸውን በጋለ ብረት ምልክት ያደርጉባቸው ነበር፤ ግማሽ ጨረቃ፣ ከሥሯ አንድ ነጥብ። ሐጂም ጎማ ሲገዙ ይህንኑ ምልክት በውስጥ በኩል፣ ከንፈሩ አጠገብ፣ በስሱ ይተኩሱበታል። ሰው ሲስቅባቸው፣ "ግመልም ጎማም ሲጠፋ አፍ የለው፤ ምልክቱ ይናገርለታል" ይላሉ። ይኼ ወላሂ ነው።

ሌላው ልማዳቸው ሰውን በክፉ አለመጠርጠር ነው። ሰው ሊያማላቸው የመጣውን ሁሉ፣ "ሑስኑ ዘን ይኑርህ፤ ለወንድምህ መልካም ገምት" ብለው ይመልሱታል። ሚስታቸው ረሕመት ደግሞ ሌላ ፍጥረት። ረሕመትን አንቱ አልላትም፤ አብረን ውሃ የቀዳን ነን። ዶሮዋ እንቁላል ስትጥል "የራስሽ ነው?" ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። ጥላዋ ሲከተላት ዞር ብላ "ምን ፈልገህ ነው?" ትለዋለች። ወላሂ አላልኩም።

ታዲያ አንድ ክረምት ሐጂ ከኋላ ሁለት ጎማ ቀየሩ። የወጡት አሮጌዎች ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ ሆነዋል፤ ዝንብ ብታርፍባቸው ተንሸራታ አንገቷ ይሰበራል። እነሱን ጎሚስታ ቤት ያለው ኑርሁሴን የሚባል ሰው መጥቶ በጥሩ ዋጋ ወሰደላቸው።

ረሕመት ያኔውኑ፣ "ጥርስ የሌለው ጎማ ምን ሊያደርግለት ነው እንዲህ የሚከፍለው?" አለች።

"ለጋሪ ይሆናል። ሰው አትጠርጥሪ" አሉ ሐጂ፣ ገንዘቡን ኪሳቸው እየከተቱ።

"ጋሪ የለውም እኮ።"

"ሊገዛ ይሆናላ!"

ነገሩ በዚህ አለፈ።

ዓመት ሳይሞላ የፊቶቹም አለቁ። ያለቁት ደግሞ በክፉ ሰዓት ነው። ሐያት የምትባል የእህታቸው ልጅ ነበረች፤ እናት አባቷ ሞተውባት ሐጂና ረሕመት ያሳደጓት። እሁድ ልትዳር ነው። ሙሽራው የቆላ ሰው ነው። ሙሽሪትም ጎረቤቱም በዚያችው አይሱዙ ላይ ተጭነው ቁልቁለቱን ሊወርዱ ነው። መንገዱን ልንገራችሁ? ሹፌር መሪውን ሲጠመዝዝ የራሱን ጀርባ ያያል። ከላይ ድንጋይ ብትለቁ፣ ልጅ ወልዳችሁ፣ አሳድጋችሁ፣ ድራችሁ ነው ከታች ድምፁን የምትሰሙት። በዚያ መንገድ ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ተለቅሞ የሚቀበር ሰው አይገኝም። ይኼኛው ወላሂ ነው።

አዲስ ጎማ እንዳይገዙ ዋጋው ሰማይ ነው። ሐጂ ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። አንዱ ሻጭ ዋጋውን ሲነግራቸው፣ "ከነመኪናው ነው?" አሉት። ርካሽ የተገኘው ኑርሁሴን ዘንድ ብቻ ሆነ። በግማሽ ዋጋ!

"ግማሽ ዋጋ?" አለች ረሕመት። "እንግዲያውስ ግማሽ ጎማ ነው።" ሻሿን ጠምጥማ ተከተለቻቸው።

ሲደርሱ ኑርሁሴን ጎማዎቹን ደርድሯል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጥርሳቸው የተመዘዘ። አደም የሚባል ወጣት ሹፌር ደግሞ ቀድሟቸው ሁለት ገዝቶ፣ የጭነት መኪናውን በክሪክ አንስቶ እየገጠመ ነው። የገበያ ሰው ጭኖ በዚያው ቁልቁለት ሊወርድ እየተጠበቀ ነው።

"መርሐባ ሐጂ! እነዚህን ለእርስዎ ብዬ ነው የደበቅኳቸው" አለ ኑርሁሴን። "ወላሂ ኦሪጅናል ናቸው። ወላሂ ትናንት ነው ከዱባይ የገቡት። ወላሂ ለእናቴ ልጅ በዚህ ዋጋ አልሰጥም!"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆጥቤ የያዝኳትን ወላሂ በአንድ ትንፋሽ ጨረሳት። ልጆቼ፣ ጥሩ ዕቃ ራሱ ይናገራል። ሻጩ ሲምል ሲገዘት ካያችሁ ዕቃው የሚለው ጠፍቶት ነው።

ረሕመት ጎንበስ ብላ ጎማውን አሸተተችው።

"የጫማ ቀለም ይሸታል።"

"እማ ረሕመት፣ የዱባይ ሽታ ነው።"

"ዱባይ ሊስትሮ ናት እንዴ?"

አደም መኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። ረሕመት ጣቷን ጥርሶቹ መሃል ሰደደች። "ይኸው፣ አንዱ ጠልቋል፣ አንዱ ከፍ ብሏል። ማሽን የሠራው ነው አይጥ የበላው?"

"ረሕመት፣ ተይ። ሰው አትጠርጥሪ" አሉ ሐጂ።

"እሺ፣ ሰውየውን ትቻለሁ። ጎማውንም አልጠርጥር?"

ሐጂ ፈገግ አሉና ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ጎማው ውስጥ ከተቱ። እሾህ ወይ ሽቦ እንዳይኖር ሹፌር ሁሉ እንደሚያደርገው ዙሪያውን ዳበሱ። እጃቸው ተጓዘ፣ ተጓዘና ቆመ። ጣታቸው ግማሽ ጨረቃ ላይ ነበር። ከሥሯ አንድ ነጥብ።

ኑርሁሴን ሊሾውን ጎማ በጋለ ቢላ አዲስ ጥርስ አውጥቶለታል፣ ቀለም ቀብቶታል። ውስጡን ማን ያያል ብሎ ግን ትቶታል። ጎማው ራሱ "አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣ እንዴት ከረሙ?" ሊላቸው ምንም አልቀረው።

የሐጂ ፊት ተለወጠ። ድምፃቸው ግን እንደነበረ ነው።

"ኑርሁሴን፣ ከየት መጣ አልከኝ?"

"ከዱባይ ነዋ፣ ሐጂ።"

"እንግዲያው ሳይሰናበተኝ ነው የሄደው።"

የኑርሁሴንን እጅ ይዘው ወደ ጎማው ውስጥ አስገቡና ምልክቱን አስዳበሱት። የሐጂን ምልክት የማያውቅ በከተማው የለም። ያ ሁሉ የጫማ ቀለም ከጎማው ተነስቶ የሰውየው ፊት ላይ ሰፈረ።

"ሁለት ነበሩ" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። "ሌላውስ?"

የኑርሁሴን ዓይን አመለጠውና ወደ አደም መኪና ሄደ።

ከዚያ ተጠግቶ ሹክ አላቸው። "ሐጂ፣ ጓዳ ውስጥ ሁለት እውነተኛ አዲስ ጎማ አለኝ። ለባለ ጸጋ ሰው ያስቀመጥኳቸው ናቸው። በነጻ ይውሰዱ። ሠርግ አለብዎት። ብቻ አደም አይስማ፤ የልጆች አባት ነኝ።"

መጋረጃውን ገልጦ አሳያቸው። እውነተኛ ነበሩ፤ አዲስ ጎማ ላይ የምትታየዋ የላስቲክ ፀጉር እንኳ አልረገፈችም። ሐጂ አዩዋቸው። ሐያትን አሰቡ፤ ቁልቁለቱን አሰቡ። ዞረው ረሕመትን አዩ። ያቺ ጥላዋን የምትመረምር ሴት ያን ሰዓት ምንም አልጠየቀችም። መሬት መሬት ታያለች። ሐያትን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች እሷ ናት። ወላሂ፣ እኔም ብሆን መሬት ነበር የማየው።

ከውጭ አደም የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ያፏጫል።

ሐጂ ወጡ። "አደም፣ ልጄ፣ ቁልፉን አስቀምጥ።"

"ምነው አባባ ሐጂ? ሰው እየጠበቀኝ ነው እኮ።"

"የገጠምከው ጎማ ሊሾ ነው። ጥርሱ በቢላ የወጣ ነው። አንደኛው የኔ ነበር፤ ሌላው የማን እንደነበረ አላህ ያውቃል።"

አደም መጀመሪያ ጎማውን አየ። ቀጥሎ ሐጂን አየ። ከዚያ ቁልፉን እንደጨበጠ ወደ ኑርሁሴን ተንደረደረ። "አንተ ከሃዲ! ሰው ልታስፈጀኝ ነው!"

ሐጂ መሃል ገቡ። "እኔን ምታ።"

"እርስዎ ደግሞ ምን አደረጉ?"

"ሊሾ መሆኑን እያወቅኩ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ ምን ሊሆን ነው ብላ ጠይቃኛለች። እኔ ዋጋው ጣመኝና አልጠየቅኩም። አለመጠየቄን ሑስኑ ዘን ብዬ ሰየምኩት።"

አደም ቁልፉን ጣለ። ሐጂን ማን ይመታል? ቢመታስ ረሕመት አጠገባቸው አይደለች? ገንዘቡን ከኑርሁሴን ተቀብሎ፣ አሮጌ ጎማውን መልሶ ገጥሞ፣ ባዶ መኪናውን ወደ ቤቱ መለሰ። የገበያው ሰው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ሲሰድበው ዋለ። በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚሳደበው፤ አልሐምዱሊላህ።

ሐጂ ባለፈው የተቀበሉትን ዋጋ ለኑርሁሴን መልሰው ሁለቱን ጎማቸውን ወሰዱ። "ቢላህን አምጣ" አሉት፤ ያንኑ የቀረጸበትን። ዳግም የማንም መኪና ላይ እንዳይወጡ እዚያው ሰው እያየ ጎናቸውን ዘረጠጡት። የጓዳዎቹን ግን ዞረው አላዩም። በሙሉ ዋጋ እንዳይገዙ ገንዘብ የላቸውም፤ በዝምታ ደግሞ አልገዛም አሉ።

እሁድ መጣ። አይሱዙዋ ደጅ ላይ ቆማ ቀረች። ሐያት በበቅሎ፣ ሠርገኛው በእግሩ ቁልቁለቱን ወረደ። ረሕመት መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። "በዚህ አያያዝ ሙሽሪት ስትደርስ አያት ሆናለች! ሙሽራውም ሌላ አግብቶ ይጠብቀናል!"

ከፊት ከፊት የሚመሩት ሐጂ ናቸው። እግራቸው ላይ አዲስ በረባሶ አለ። ጫማ ሰፊው ከተዘረጠጡት ጎማዎች ለግማሽ ሠርገኛ የሚሆን በረባሶ አውጥቷል። አቧራው ላይ የሚታተመው እግር ሁሉ የኑርሁሴን ጥርስ ነው፤ አንዱ ጠልቆ፣ አንዱ ከፍ ብሎ።

ከሁሉም ኋላ ማንም ያልጠራው ሰው ይከተላል። ኑርሁሴን ነው፤ የሠርጉን የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። አንገት የደፋ ሰው ደግሞ መሬት ያያል። መሬቱ ላይ ያለው የእጁ ሥራ ነው፤ እስከ ቆላ ድረስ እየተከተለው፣ ኧረ እየመራው ሄደ።

ለዙህር ሶላት ምንጭ ዳር ሲያርፉ ጆንያውን አውርዶ ሐጂ ፊት ቆመ።

"ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ብቻ ያን ጫማ ያውልቁልኝ።"

"ለምን? ያልከው እውነት ሆነ እኮ። ጥሩ ጎማ ነው፤ ለእግር።"

"ጆንያውን ፈትሹት!" አለች ረሕመት ከወዲያ። "ይኼ ሰውዬ በነጻ አይሸከምም!" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "አሁንስ ሐጂ? አሁንም ሰው አይጠረጥሩም?"

ሐጂ ለሶላቱ ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

"እጠረጥራለሁ እንጂ" አሉ። "ጥርጣሬም እንደ ውዱእ ነው፣ ረሕመት። ከራስ እጅ ይጀመራል።"

እጃቸውን ታጠቡ። ሲጨርሱ ጀሪካኑን አንስተው ለኑርሁሴን አፈሰሱለት።

ልጆቼ፣ ይህን ቃል ብዙ ዓመት አገላብጬዋለሁ። ሐጂ ዓይናችሁን ጨፍኑ አላሉም፤ ሰውን ሁሉ እንደ ሌባ እዩም አላሉም። ቅደም ተከተሉን ነው የነገሩን። እኛ ገንዘብ ስንከፍል ጠርጣሮች ነን፤ ዕቃውን እናሸታለን፣ እንነክሳለን። ሲከፈለን ግን ሰው አማኝ እንሆናለን። "ለጋሪ ይሆናል" እንላለን። የዚያን ጊዜው መልካም ግምት ለወንድማችን አይደለም፤ ለኪሳችን ነው።

ዶሮዋን ጨምሬባት ይሆናል። የገደሉንም ጥልቀት አስረዝሜው ይሆናል። የሐጂን ቃል ግን ወላሂ አልነካሁም። እናንተም ጎማ ስትገዙ እጃችሁን ወደ ውስጥ ስደዱ።

ስትሸጡም።