የጨፌው ትልቅ ሰው

አንድ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ አምና የገዢውን ደጅ ሲጠና ከርሞ ዘንድሮ ፊታውራሪ ተባለ። ሹመቱን ተከትሎ ቦርጩም መጣ። ብዙ ሳይቆይ የአንዲት ከሲታ አሮጊት የጨፌ መሬት አማረውና «የአባቴ ነው» ብሎ ከሰሳት።

ሽማግሌዎች ረግረጉ ዳር ተሰበሰቡ። በዚያ አገር የድንበር ነገር ሲያከራክር የሚታመነው የትልቅ ሰው ቃል ነው። ፊታውራሪው ይህን ያውቃልና፣ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ደረቱን የነፋ መስሎት ሆዱን ነፍቶ ጠየቃት።

«እስቲ ንገሪያቸው፤ ከእኔና ከአንቺ ትልቁ ማን ነው?»

«እኔ» ብትል ሹም መድፈር ነው። «እርስዎ» ብትል መሬቷን ማጣቷ ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

አሮጊቷ ግን ውሃው ዳር ወደተጎለቱት ሁለት እንቁራሪቶች ጠቆመች።

«ትልቅስ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። ያ ወፍራሙ እንቁራሪትም ትልቅ ነው። ከጎኑ ያለችው ሚጢጢ ስንት ክረምት እዚሁ ጨፌ ላይ ስትጮህ የኖረች ናት። እሱ ግን አምና ገና ጭራ ነበረው፤ እንዴት አድርጎ ይቆላው እንደነበር እርስዎም አይጠፋዎትም።»