በይሉኝታ የላላ ፍሪሲዮን

አንድ መካኒክ በአንዲት የደጋ ከተማ ሞተር ሳይክል እየጠገነ ይኖር ነበር። ስሙ ታፈሰ ይባላል። ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ሲስተር አስካለን ነበር። ሲስተር አዋላጅ ናቸው፤ እሱ ራሱ የተወለደው በእጃቸው ነው። ግራ እጃቸው በሕመም ስለደከመ፣ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን በእጅ ሳይጨበጥ ራሱ የሚይዝና ራሱ የሚለቅ ሞተር ይነዱ ነበር።

አንድ ቀን መጥተው፣ "ታፈሰ ልጄ፣ ነዳጅ ስቀንስ ይሄ ሞተር ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ወገቤን ጨረሰው። እስቲ አለስልስልኝ" አሉት።

ታፈሰ ነገሩ ገባው። ነዳጅ ሲቀነስ ፍሪሲዮኑ ስለማይለቅ ሞተሩ ጎማውን ይዞ ያዘገየዋል። ቶሎ እንዲለቅ ከተደረገ ጉተታው ይጠፋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ሲስተር ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርዱት በዚያ በረጅሙ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ይህን ሊነግራቸው አሰበና "እኔ እሳቸውን ላስተምር?" ብሎ አፈረ። ዝም ብሎ ያዘዙትን ፈጸመ። እሳቸውም ሞክረውት፣ "ተባረክ" ብለውት ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብሎ ከቆላው ተላከባቸው። ሲስተር ወዲያው ወረዱ። ቁልቁለቱ መሀል ነዳጅ ሲቀንሱ ሞተሩ ለቀቃቸው። ፍሬን ያዙ፣ ደጋግመው ያዙ፤ በመጨረሻ ፍሬኑ ግሎ አልታዘዝ አለ። ገደሉን ሸሽተው ከመንገዱ ዳር አፈር ጋር ተላተሙ። እግራቸው ተሰበረ።

ያገኟቸው ገበሬዎች ወደ ከተማ ሊመልሷቸው ቃሬዛ ሲያበጁ፣ "የለም፣ ወደ ታች ውሰዱኝ" አሉ። ተሸክመው አወረዷቸው። ቃሬዛው ላይ እንደተኙ ለሴቶቹ እየነገሩ እናቲቱን አተረፏት። ለሕፃኑ ግን ዘግይተው ነበር።

ታፈሰ ሆስፒታል ሄዶ አልጋቸው ሥር ተንበረከከ።

"ሲስተር፣ ቁልቁለት ላይ እንደሚለቅዎት አውቅ ነበር" አላቸው።

ሲስተር ወደ እሱ ዞር አሉ። "ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"አክብሬዎት ነው።"

"አላከበርከኝም" አሉ በዝግታ። "እንዳልቀየምህ ፈራህ እንጂ። ብትነግረኝ ምናልባት እቆጣህ ነበር። ቁጣዬ ግን ሕፃን አያስቀብርም ነበር።"



ከብዙ ወራት በኋላ ድነው ሲመለሱ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው እንዲይዝ አድርጎ አስተካክሎ ጠበቃቸው። "ይጎትትዎታል፤ ወገብዎንም ያምዎት ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ በላይ አላላላውም" አላቸው። ሲስተር ቁልፉን ተቀብለው ግንባሩን ሳሙት።

ወዳጄ፣ ይሉኝታ ብዙ ጊዜ አክብሮት መስሎ ይመጣል። የምንወደውን ሰው ላለማስቀየም ብለን ወደ አደጋው ብቻውን እንለቀዋለን። በእውነት የሚያከብርህ ሰው ግን መንገድህ ሲያዘቀዝቅ፣ ቢጎረብጥህም እንኳ የሚይዝህ ነው።

አንተስ ዛሬ የማን አደጋ እየታየህ ዝም ብለሃል? አክብረኸው ነው ወይስ ፈርተኸው?