በወፍጮ ቤት የተራቡት ጅግሮች

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱና ኑ። ተረቴ ረጅም አይደለም፤ ግን የራበው ሰው ባይሰማው ይሻለዋል።

ድሮ ነው። ወፍና አውሬ ብቻ ሳይሆኑ ሚዛንና የመንገድ መብራት ሳይቀሩ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ ቁጥቋጦ ሥር እመት ጅግሪት የምትባል ጅግራ ከባሏ ከአያ ጅግሬና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ትልቁ ልጅ መኩሪያ ይባላል። መካከለኛዋ ማንጠግቦሽ ናት። ትንሿን ስም እስኪወጣላት ድረስ ጩጬ አሏት፤ ስሙ ሳይወጣ ጩጬ እንደተባለች ቀረች።

እመት ጅግሪት በአገሯ በጨዋነቷ የታወቀች ነበረች። እዚያ አገር ጨዋነት ማለት እንዲህ ነው። «ብላ» ሲሉህ «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ሁለተኛ «ኧረ ብላ» ሲሉህ «አሁን ነው የበላሁት» ትላለህ። ሦስተኛ «በሞቴ» ሲሉህ፣ ጋባዥህ እንዳይሞትብህ ብለህ ትበላለህ። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ ሦስቴ ሳይል አያርፍም። በዚህ ሥርዓት ጦሙን ያደረ እንግዳ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም።

በአንድ መኸር ታዲያ እመት ርግቢት የምትባል የከተማ ርግብ አውድማው ላይ አረፈችና ከእነ ጅግሪት ጋር ተወዳጀች። እሷ ገና አንዴ «ብዪ» ከመባሏ አንገቷን እህሉ ውስጥ ቀበረችው። እመት ጅግሪት ለባሏ በጆሮው፣ ይህች አሳዳጊ የበደላት ናት አለችው። ቢሆንም ሳቂታ ነበረችና ወደደቻት። ርግቢትም ስትሰናበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ልጆቹን ይዛችሁ ከተማ ኑ፣ ቤቴ እህል ገበያው መካከል ያለው ወፍጮ ቤት ነው ብላ ሄደች።

ልጆቹ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ለወላጆቻቸው ዕረፍት አልሰጡም። ክረምቱም ወጣ፤ እነሱም ወጡ። መንገዱ ሁለት ቀን ሙሉ ያስኬዳል። ጅግራ ክንፍ አላት፤ የምታምነው ግን እግሯን ነው። ስንቃቸው ከተማው ዳር ሲደርሱ አለቀ።

እመት ጅግሪት እዚያው ልጆቿን አሰልፋ መከረቻቸው። መጀመሪያ ብሉ ሲሏችሁ ጠግበናል በሉ አለች። ሁለተኛም ጠግበናል በሉ አለች። ሦስተኛው ሳይመጣ ምንቃራችሁን እንዳትከፍቱ፤ መሬት የወደቀ ፍሬ እንኳ ቢሆን ሳይጋብዙት የሚበላ ሌባ ነው አለች። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። ጩጬ ገና በመጀመሪያው «እሺ» እያለች ስላስቸገረች ለብቻዋ አራተኛ ተለማመደች።

ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ እመት ርግቢት ከጣራው ወርዳ አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ቤቱ ውስጥ ስንዴ በጆንያ ቆሟል፤ ገብስ በጆንያ ቆሟል፤ የፈሰሰው ደግሞ መሬቱን ሸፍኖታል። መካከል ላይ ወፍጮው ሲያጓራ ይውላል። በሩ አጠገብ ሚዛኑ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ሲገቡ ላዩ ላይ ወጥተው ወረዱ። ሚዛን ሥራው የመጣበትን ነገር መናገር ስለሆነ፣ ምስጢር የሚባል ነገር ሆዱ አያውቅም።

«ብሉ» አለች ርግቢት።

«ኧረ ጠግበናል፤ መንገዱን ሁሉ ስንበላ ነው የመጣነው» አለች ጅግሪት።

«እሺ» አለች ርግቢት፤ እንግዲያው ከተማውን ላሳያችሁ ብላም ቀድማ ወጣች።

እመት ጅግሪት ሁለተኛውን «ብሉ» እስከ በሩ ድረስ ጠበቀችው። አልመጣም። መንገድ ላይ ይመጣል ብላ ተከተለች።

ርግቢት አንድ ትልቅ ቤት አሳይታ ይህ ፎቅ ይባላል አለቻቸው። መኩሪያ ላዩ ላይ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ሌላ ፎቅ አለ አለችው። መኩሪያ በመልሱ ረካ። ማንጠግቦሽ ግን ከፎቆቹ በአንዱ የሚበላ ነገር ይኖር እንደሆነ ልትጠይቅ ስትል እናቷ በክንፏ ጎሸም አደረገቻት።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ሚዛኑ ላይ ወጥተው ሲጫወቱ፣ ሚዛኑ ከትናንት ቀለል ብላችኋል አላቸው። እመት ጅግሪት የመንገድ ድካም ነው ብላ መለሰችለት። ሚዛኑ ድካም ሲያከብድ እንጂ ሲያቀል አላየሁም አለ፤ አልተከራከረም ግን።

ርግቢት መጣችና ቁርስ ብሉ አለቻቸው። ጅግሪት ኧረ የትናንቱም አልወረደልንም አለች፤ ትናንት ምን እንደበሉ የጠየቃት አልነበረም። ርግቢትም እሺ ብላ ብቻዋን በላች። ከበላች በኋላ ወደ አደባባዩ ወሰደቻቸው።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ እሷ በላይ በርራ ተሻገረች። እነሱ መብራቱ ሥር ቆሙ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና «እለፉ» አላቸው። አያ ጅግሬ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ኧረ ሌሎቹ ይቅደሙ አለ። መብራቱ ቀላ። እንደገና አረንጓዴ ሆነና «እለፉ» አለ። ግድ የለም፣ እኛ አንቸኩልም አሉት። ቀላ። በሦስተኛው ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር፤ መብራቱ ግን «በሞቴ» አላለም፤ እንደ ቀድሞው «እለፉ» ብቻ አለ። ይህ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለው ባልና ሚስት ሲመካከሩ ቀላ። እንዲህ እንዳሉ ቀትር ሆነ።

ርግቢት ከማዶ ሆና አየቻቸው። እህሌን አልበሉም፣ አሁን ደግሞ መንገዴንም አልረገጡም፤ ንቀውኝ ነው አለች በልቧ።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲመለሱ ጩጬ የእናቷን ጅራት ሳብ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ሦስተኛው መቼ ነው የሚመጣው?» አለች።

«ይመጣል፤ ዝም በዪ» አለች እናቷ። ይህን ትበል እንጂ የዛሬውም ሁለተኛው ገና አልመጣም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ ሳይጠየቅ ተናገረ። ትልቁ ቀሏል፤ መካከለኛዋ ቀልላለች፤ ትንሿ ላዬ ላይ መውጣቷን ያወቅሁት በዓይኔ ስላየኋት ነው አለ። ጩጬ ከሚዛኑ ወርዳ ሦስት እርምጃ ሄደችና ተኛች። ከዚያ አልተነሣችም።

በዚያ ጠዋት ርግቢት ጭራሽ ብሉ አላለችም። ኩርፊያዋን ለወፍጮው እየነገረች ነበር። ወፍጮው እኔ የሰጡኝን ሁሉ ስበላ ነው ያደግሁት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም አላት።

አያ ጅግሬም በበኩሉ ተቆጥቷል። የጠራችን እህሏን ልታሳየን ነው፣ ተነሡ እንሂድ አለ። እመት ጅግሪት መንገዱን አሰበችው። ሁለት ቀን ነው፤ ስንቅ የለም፤ ጩጬ ደግሞ በሩን እንኳ አትሻገርም። ልጄ እህል ላይ ተኝታ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

ርግቢት ልጅቷ መተኛቷን አይታ፣ ኩርፊያዋን ትታ ወረደች። «ምን ሆነች? እህል አልቀመሰች ይሆን? ብሉ እንጂ» አለች።

እመት ጅግሪትም፣ «ኧረ ጠግበናል» አለች።

አፏ ነው ያለው። እሷ ልትል አልፈለገችም። እናቷ ያለችው፣ አያቷ ያለችው ቃል ስለሆነ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፤ ሳይጠሩት ይወጣል።

«እሺ» አለች ርግቢት፤ ክንፏንም ዘረጋች።

«ርግቢት» አለች ጅግሪት። «ርቦናል።»

ወፍጮው ያጓራል። ርግቢት ዞር ብላ ምን አልሽ አለቻት።

«ርቦናል።»

አሁንም አልተሰማም። እመት ጅግሪት አንገቷን ወደ ላይ መዝዛ፣ ገበያው ውስጥ ጆንያ የተሸከሙት ሁሉ ዞር እስኪሉ ድረስ ጮኸች። «ርቦናል!»

በዘሯ ማንም ያላለውን ቃል በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ አለችው።

ርግቢት አንድ ፍሬ ስንዴ አንሥታ ጩጬ ምንቃር ላይ አቀረበች። ጩጬ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ በቀጭን ድምፅ «ጠግቤያለሁ» አለች። ትምህርቱ የገባት ያን ጊዜ ነበር። እናቷ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ፍሬውን ከርግቢት ተቀብላ ራሷ ልጇን አጎረሰቻት። ሁለተኛ አጎረሰች፤ ሦስተኛ አጎረሰች። ከዚያ በኋላ ጩጬ ጉርሻ አልጠበቀችም።

ሁሉም ሲበሉ ርግቢት ተቆጣች። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል ላይ ተኝተሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልለመንሽኝም?» አለች ጅግሪት።

«ብሉ ብዬ ነበር እኮ።»

«አንዴ ነዋ ያልሽው።»

«አንዴ ምን ጎደለው?»

እመት ጅግሪት ለዚህ መልስ ፈለገች። አፏ በስንዴ ስለሞላ ፍለጋውን ለሌላ ቀን አስተላለፈችው።

ከዚያ ወዲህ ርግቢት እንግዳ ሲመጣባት ሦስቴ ብሉ ትላለች። የከተማ እንግዶቿ በአንደኛው ስለሚጀምሩ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የምትለው አፋቸው ሞልቶ ሳለ ነው። ጅግራም በፊት ድምፅዋ የማይሰማ ወፍ ነበረች ይባላል። ዛሬ ቁጥቋጦ ሥር ሆና፣ አገር እስኪሰለቻት ደጋግማ ስትጮህ የምትሰሟት ያን ቃል ነው። ልጆቿም አጠገቧ እየለቀሙ ያድጋሉ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ደጃዝማችነቱ ይቅር፤ ልጅ እንዳይቀር ነው። ይሉኝታ ለአዋቂ ልብስ ይሆናል፤ ለልጅ ምሳ አይሆንም።

ተረቴን ይኸው ተቀበሉኝ። ለእኔም የሚቀመስ ነገር ካላችሁ አንዴ «ብላ» በሉኝ፤ ይበቃኛል።