ጥቁሩና ነጩ ግድግዳ

አንድ ጊዜ ዓይኗ የደከመ አሮጊት አህያ ከልጇ ከአመዲት ጋር በገደል ሥር ትኖር ነበር። አሮጊቷ ከግድግዳ ጋር መጋጨት ስለሰለቻት ከተኛችበት መነሳት ትታለች። ክረምቱ ሲወጣ አመዲት የእናቷን ክፍል ቀለም ልትቀባ አሰበች፤ ቤቱ ቢታደስ ልቧም ይታደስ ይሆናል ብላ።

ይህን የሰማ ጎረቤታቸው አያ ጅቦ አንድ ማሰሮ ጥቁር ቀለም ተሸክሞ ከተፍ አለ።

«ከከሰል የተበጠበጠ ነው» አለ። «ለደከመ ዓይን እንደ ጥቁር የሚስማማ የለም፤ ያሳርፋል።»

ጅብ ለአህያ ሲያስብ አይታ የማታውቀዋ አመዲት ነገሩ አላማራትም። ሄዳ ቀበሮን አማከረች። ቀበሮም ኖራ በጥብጣ መጣችና በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦

«አትጣዪው። አንዱን ግድግዳ በእሱ ጥቁር፣ ፊት ለፊቱን በዚህ ነጭ ቀቢና አወዳድሪ።»

ግድግዳዎቹ ሲደርቁ ቀበሮ ጅብን አስጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ቀለም አዋቂ ነህ። እስቲ በየተራ አጠገባቸው ቁምና የትኛው እንደሚያምርብህ እንይ።»

ጅብ ሙገሳ ይወዳል። ደረቱን ነፍቶ በጥቁሩ ግድግዳ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ ምን ይታይሻል?» አለች አመዲት።

«ምንም።»

ጅብ ወደ ነጩ ተሻገረ። አሮጊቷ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አንድ ትልቅ ነገር ቆሟል። ከኋላው ዝቅ ያለ ነው... ጅብ ነው እንዴ?»

«ነጩስ አይሆንም» አለ ጅብ ተቆጥቶ። «እንዲህ ከታየሁ ሲመሽ እንዴት አድርጌ ልገባ ነው?»

«ገብተህ ምን ልታደርግ?» አለች ቀበሮ፣ ቀስ ብላ።

ጅብ ማሰሮውንም ሳያነሳ እያነከሰ ወጣ።

አመዲት ጥቁሩን ግድግዳ ኖራ ደራረበችበት። ስትጨርስ ዞር ብትል እናቷ አትኩራ እያየቻት ነው።

«ጆሮሽ የአባትሽን ይመስላል» አለች አሮጊቷ። «እንዲህ ማደግሽን አላየሁም ነበር። እስቲ ደግሞ ደጁን ልየው።»

ተነሳችና በልጇ ትከሻ ተደግፋ ወደ ፀሐይ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው ጨለማን አሳምሮ የሚያወድስልን ሁሉ ለዓይናችን አዝኖ አለመሆኑንና ምክርን ከመቀበላችን በፊት መካሪውን በብርሃን አቁመን ማየት እንደሚገባን ነው።